የኮሜቷ መዝገብ፦ ሰዓቱ ላይ እንስማማ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ጣሪያዎች የላካችሁትን የኮሜቷን (የጅራታሟን ኮከብ) ምልከታ ሳገጣጥም ሁለት ሌሊት ሄደብኝ። አንዱ «ማታ 1 ሰዓት» ይላል፣ ሌላው «19:00»፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ «7»። ሦስቱም ያው ናቸው! በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) 16:00 ነው፤ ከእንግዲህ በእሱ ጻፉልኝ። ቀኑንም በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጉት። ምህዋሯን፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የምትጓዝበትን መንገድ፣ ለማስላት ቢያንስ የሦስት ጊዜ አቀማመጥ ያስፈልጋል፣ ሰዓቱ ከተሳተ ስሌቱም ይስታል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሃሌይ እ.ኤ.አ. የ1531፣ የ1607 እና የ1682ቱ ኮሜቶች አንድ መሆናቸውን የደረሰበት ከእሱ በፊት የነበሩት በጥንቃቄ ስለመዘገቡ ጭምር ነው።

ድምቀቷን ስትገምቱ፣ ብርሃኗ የተበተነ ስለሆነ ከነጥብ ኮከብ ጋር በቀጥታ አታወዳድሯት። መጀመሪያ መልኳን በደንብ ያዙ፤ ከዚያ የባይኖኩላሩን ፎከስ እያዛባችሁ ኮከቡን እሷን እስኪያክል አስፉት። ከእሷ የሚደምቅ አንድ፣ የሚደበዝዝ አንድ ኮከብ ይበቃል። የድምቀት መለኪያው (ማግኒቲዩድ) ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይጨምራል፤ ገልብጦ የጻፈ አለ፣ ስሙን አልጠራም።

ደመና ከነበረም «ደመና» ብላችሁ ላኩ። ቅዳሜ አራት ኪሎ በተለመደው ካፌ እንገናኝ፤ ማኪያቶው በእኔ ነው።