ከጅማ፣ ስለ ስንዴ ዋግ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? አባባስ፣ ልጆቹስ? ከተጻጻፍን ዓመታት ነጎዱ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የጅማ ዝናብም እንደምታውቀው ነው።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ የቆየ ጥያቄ ነው። በ2006 ዓ.ም. ባሌ ላይ ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በግንድ ዋግ ሲያልቅ፣ አባባ ማሳው ዳር ቆመው «ዋግ አይነካውም ተብሎ አልነበር?» ማለታቸውን ነግረኸኝ ነበር። ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

አባባ የሰሙት ውሸት አልነበረም። ዲገሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ላይ የተገኘውን፣ ዓለምን ያስደነገጠውን፣ ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግ ዓይነት በእርግጥ ይቋቋም ነበር። ባሌ የደረሰው ግን ሌላ የዋግ ዓይነት ነው፤ ተመራማሪዎች ቲኬቲቲኤፍ ይሉታል። ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ አወደመ።

ዋግ ፈንገስ ነው። ስንዴ ራሱን የሚከላከለው ፈንገሱ ወደ ህዋሱ የሚያስገባውን ፕሮቲን ለይቶ ሲያውቅ ነው። ካወቀው በዙሪያው ያሉትን የራሱን ህዋሶች ገድሎ ዋጉን ያስርበዋል፤ ዋግ ከሕያው ህዋስ በቀር አይበላምና። ፈንገሱ ያን ፕሮቲን ከለወጠ ግን ልብስ የቀየረ ሌባ ዘበኛውን እንደሚያልፈው ያልፋል።

የግንድ ዋግ ጂኖም፣ ማለትም የዘር መረጃው በሙሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ተነቦ ታትሟል፤ 89 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል፣ ከ17 ሺህ በላይ ጂን። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት ነው። ዋግ በአንድ ህዋስ ውስጥ ሁለት ኒውክሊየስ (የዘር መረጃው የሚቀመጥበት የህዋሱ እምብርት) ይዞ ይኖራል፤ እያንዳንዱም የየራሱ ሙሉ ጂኖም አለው። ሁለቱን ለይተው ሲያነቡ የዩጂ99 አንደኛው ኒውክሊየስ አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ከሚታወቅ ዋግ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዋጎች ተገናኝተው፣ ያለ ጾታዊ ርቢ፣ ሙሉ ኒውክሊየስ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። እስቲ አስበው! እኛ አንድ ዝርያ ለማውጣት ዓመታት እንለፋለን።

«ታዲያ ምን ይዝሩ?» ትለኛለህ። እዚህ ቡናው ላይም የቅጠል ዋግ አለ፤ የጫካው ቡና ግን ባንድ ጊዜ አይረግፍም። አንዱ ምክንያት ዛፉ እርስ በርሱ አለመመሳሰሉ ይመስለኛል። ስንዴ ላይ እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ አንድ ዝርያ ከወደድን አገር ምድሩን እሱኑ እንዘራበታለን።

ተስፋ የሰጠኝም አለ። ለሌላው የስንዴ ዋግ፣ ለቢጫ ዋግ፣ ማርፕል የተባለ ዘዴ እኛው አገር ተሞክሯል። በእጅ የሚያዝ የዲኤንኤ ማንበቢያ ከላፕቶፕ ጋር ተገናኝቶ የዋጉን ዓይነት በሁለት ቀን ገደማ ይለያል፤ በፊት ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ወራት ይጠበቅ ነበር።

እንግዲህ ማሳው ሁሉ ባንድ ዝርያ እንዳይሸፈን ለአባባ ንገርልኝ። አገዳው ላይ ቀላ ያለ ብናኝ ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለልማት ሠራተኛው ያሳዩ። የዘሩትን ዝርያ ስምም ጽፈህ ላክልኝ፤ የትኞቹን የመቋቋም ጂኖች እንደያዘ አጣርቼ እመልስልሃለሁ።

ያንተው ወንድም፣
ከጅማ