የእህቴ ልጅ መቼ ፈረንጅ ሆነች?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እህቴ ጋዜጣ አታነብም። ሳንባንና ቆሽትን ስለሚያጠቃው የዘር በሽታ ስለ ሲስቲክ ፋይብሮሲስና ስለ ዘረመል አርትዖት (የተበላሸ ዘረመልን ስለማረም) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ግን ሦስት ሰው ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ልኮላታል። ሦስቱም ያሰመሩት አንዷን መስመር ነው፦ «በሽታው የነጮች በመሆኑ እኛን ብዙም አያሳስበንም።» እህቴ አነበበችና ዝም አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር ብላ «እንግዲህ ፈረንጅ ነሽ ተብሏል» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ ሳሏ ይነሳባታል።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ይኸው በሽታ አለባት። አባቷ የሞጣ ሰው ነው፣ እናቷ የቢቸና። ሰባት ቤት ተቆጥሮ የተጋቡ ናቸው፤ ስለዚህ «ዘመድ ተጋብቶ ይሆናል» የሚል ካለ እሱንም ይተወው። ይህ በሽታ ዝምድና አይጠይቅም። አባትም እናትም እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸ የዘረመል ቅጂ ይዘው ምንም ሳያማቸው ይኖራሉ። ሲጋቡ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም ብልሹ ቅጂ የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህን ደግሞ የትኛውም ሽማግሌ ቆጥሮ አይደርስበትም።

የስምንት ወር ልጅ ሳለች እህቴ «ስስማት ከንፈሬን ጨው ጨው ይለኛል» ትል ነበር። ጎረቤት ሳቀባት። ፀሐዩ ነው አሏት። ከዚያ ሳሉ መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ስድስት ወር መድኃኒት ዋጠች። አልለቀቃትም። ሌላ ስድስት ወር። ትበላለች፣ ኧረ እንዲያውም ከወንድሞቿ በላይ ትበላለች፤ ሥጋ ግን አይጠጋትም። «ቡዳ በልቷት ነው» ተባለና ከፀበል ፀበል ተንከራተተች። (ፀበሉ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ እኔም እጠመቃለሁ።) በመጨረሻ ባሕር ዳር አንድ የሕፃናት ሐኪም «ሲስሟት ጨው ጨው ይልዎታል?» ብሎ ጠየቃት። እህቴ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

በላብ ውስጥ ያለውን ጨው የሚለካ መሣሪያ አላገኘንም። ውጭ ያለ ዘመዳችን ነው ዘረመሏን ያስመረመረልን።

አሁን በእርጋታ እንነጋገር። እኔ የአማርኛ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ነገሩ የፊደል ነገር ስለሆነ ትንሽ ይገባኛል። ሰባተኛው ክሮሞዞም ላይ ሲኤፍቲአር የሚባል ዘረመል አለ፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሥራው በሕዋስ ሽፋን ላይ የጨው ማለፊያ በር መሥራት ነው። በሩ ሲበላሽ የሳንባው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ ቆሽትም ይዘጋል። አውሮፓ ውስጥ የበዛው ስህተት ከዘረመሉ ጽሕፈት ሦስት ፊደል መጉደሉ ነው። ተማሪ «ሰላም» ጻፍ ሲባል «ሰ»ን ቢጥላት «ላም» እንደሚቀረው። ስህተቱ ግን ያ ብቻ አይደለም፤ ከ2,000 በላይ ዓይነት ልዩነት ተመዝግቧል። በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ላይ በብዛት የተገኘው ፊደል የጎደለበት ሳይሆን አንዱ ፊደል በሌላ የተተካበት ነው። የእኛም ልጅ ሦስቱ ፊደላት አልጎደሉባትም። የእሷ ስህተት ሌላ ቦታ ነው።

ይህን ያህል የማወራው ወድጄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ የፈቀደችው ትሪካፍታ የሚባል ኪኒን የብዙ ሕመምተኛ ሕይወት ቀይሯል። ሲፈቀድ ዋጋው በዓመት 300,000 ዶላር ገደማ ነበር፣ እሱን ለጊዜው እንተወው። ኪኒኑ የሚሠራው የተጣመመውን ፕሮቲን፣ ማለትም ያንን በር፣ በማቃናት ነው። ፕሮቲኑ ጭራሽ ካልተሠራ ምኑ ይቃናል? ከአሥር ሕመምተኛ አንዱ ያህል ከኪኒኑ ውጭ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ዘረመሉን ራሱን ማረም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ዘጋቢያችሁ «አያሳስበንም» ብሎ የዘለለው እንግዲህ እነዚህን ነው። ጎበዝ! ስለ አርትዖት አንድ ገጽ ሙሉ ስትጽፉ የራሳችሁ አራሚ የት ሄዶ ነበር?

ይባስ ብሎ «ሕክምናው ተጀምሯል» ትላላችሁ። በሽታው የእኛ አይደለም፣ መድኃኒቱ ግን ተገኝቷል! እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ የፈቀዱት ካስጌቪ የተባለው የዘረመል አርትዖት ሕክምና ሲክል ሴል ለሚባል የደም በሽታ ነው። እዚያ የመቅኒ ሕዋስ ይወጣል፣ ውጭ ይታረማል፣ ይመለሳል። ሳንባ እንደ ጋቢ ወልቆ ታጥቦ አይመለስም። አራሚው ራሱ ወደ ደረት ገብቶ ያንን ሙጫ የመሰለ አክታ አልፎ መሄድ አለበት። ቢያልፍም የአየር ቧንቧው ሕዋሳት እየረገፉ በአዲስ ይተካሉ፤ ከሥር ያሉትን እናት ሕዋሳት ካላረመ ድካሙ ለጥቂት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔዘርላንድ ውስጥ ከታመሙ ልጆች በተወሰደ የአንጀት ሕዋስ ላይ ስህተቱን ማረም ችለዋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን። የእናንተን ጽሑፍ ያየ ጎረቤት ይህን የት ያውቃል? «ውሰዷት እንጂ፣ ተገኝቷል እኮ» እያለ እህቴን እንቅልፍ ነሳት። የልጅቷ አባትማ ጥንድ በሬው ስንት ያወጣ እንደሆን ጠየቀኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቷ ምግብ እንዲፈጭላት አብራ የምትወስደው ኢንዛይም ከአሳማ ቆሽት የሚሠራ ነው። እህቴ ይህን የሰማች ዕለት ደንግጣ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሮጠች። «መድኃኒት ነው ልጄ፣ ስጫት» አሏት። ይህ የነጮች ጭንቀት ነው?

ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። «አፍሪካ ውስጥ ብዙም ሳይመረመር የቀረ በሽታ» ብላችሁ ብትጽፉ አልከራከራችሁም። ብቻ የውስጥ ገጽ ታች ላይ በደቃቅ ፊደል እንዳታደርጉት። እነዚያ ሦስት ሰዎች ፎቶ ሲያነሱት ለእህቴ መነበብ አለበት።

የልጅቷ አጎት
ከደብረ ማርቆስ