የፊልምና ሙዚቃ ክበብ፦ ዓመቱ እንዴት አለፈ

መስከረም ላይ ክበቡን ስንከፍት የኔ እቅድ ሌላ ነበር። የሲኒማ ታሪክ፣ የካሜራ አያያዝ፣ የቅኝት ዓይነቶች ምናምን ብዬ አራት ገፅ ፅፌ ለቢሮ አስገብቻለሁ፣ ፋይሉ ውስጥ እስካሁን አለ፣ ማንም አልነካውም፣ እኔም ጭምር። የመጀመሪያው አርብ ልጆቹን ምን እንደሚወዱ ስጠይቃቸው ሁሉም ስለሁሉም ነገር ያላቸው መልስ ሁለት ነው፣ ወይ «አሪፍ ነው» ወይ «ይደብራል»። ለምን ይደብራል? «በቃ ቲቸር፣ ይደብራል»። እና እዛው ህግ አወጣን፣ ምክንያቱን ሳይናገር አሪፍ ነው ወይ ይደብራል ያለ ሰው የዛን ቀን ክፍሉን ጠርጎ ይሄዳል።

ህጉ ሳምንት ሳይሞላው መስራት ጀመረ። አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ ቃና ቲቪ በአማርኛ ድምፅ ተክቶ ስለሚያሳያቸው የቱርክ ድራማዎች ስታወራ (ቃና በ2008 ሲጀምር እነዚህ ልጆች ገና ሀ ሁ እየቆጠሩ ነበር፣ ስለዚህ ቱርኮች አማርኛ ማውራታቸው ለነሱ ምንም አይገርምም) እንዲህ አለች፣ «ተዋናይዋ ስታለቅስ ፊቷ የቱርክ ነው ልቅሶው ግን የአዲስ አበባ ነው፣ እኛ ሰፈር እንደዛ አይለቀስም»። ደሞ አንድ ድምፅ ሁለት ድራማ ላይ እንደሰማች ነገረችን፣ በአንዱ ነፍሰ ገዳይ ነው በሌላው ደግ አባት፣ «ስለዚህ አባትየውን አላምነውም» አለች። እኔ ሁለቱንም ድራማ አይቼ ድምፁን ልብ ብዬው አላውቅም።

ዋናው ነገር ግን ታህሳስ ላይ ነው የሆነው። የደብረ ብርሃን ታህሳስ እንዴት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ፕሮጀክተር ከአይሲቲ ክፍል ለምነን አንሶላ ከኔ ቤት አምጥተን ግድግዳው ላይ በሚስማር መትተን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ከፈትን። በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ተመርጦ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፣ ይሄን በደንብ አስረድቼ ነው የጀመርኩት፣ ማንም አልሰማኝም ምክንያቱም በጓ መጥታለች። ታሪኩ እናቱ የሞተችበት ልጅና የሚወዳት በግ ነው፣ አጎትየው ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ከመንዝ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ እጁን አወጣ፣ «ቲቸር ይሄ ልክ አይደለም፣ በግ ከመንጋው ከለየሃት ስትጮህ ነው የምትውለው»። ሌላው ከባሶና ወራና ነው፣ ተነሳበት፣ ከግልገልነቷ ቤት ውስጥ ካደገች ሰው ትለምዳለች፣ እነሱ ቤት አንድ ነበረች እናቱ ቡና ስታፈላ ከአጠገቧ የማትጠፋ። ፊልሙ እየሄደ ክርክሩም እየሄደ አስራ አምስት ደቂቃ በግ ብቻ። ተቆጥቼ ዝም ላሰኛቸው ነበር፣ ተውኩት፣ ስለ ትወና ከዚህ የተሻለ ክርክር እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁም አልሰማሁም።

ከዛ የፊልሙ ልጅ ሳምቡሳ ሲሰራ፣ ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን ያደርጋል እየተባለ ሲሰደብ፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ ወንዶቹ ግን ዝም። በኋላ ከኋላ ወንበር አንዱ ቀስ ብሎ፣ «እኛ ማታ ማታ ሽሮውን ማን የሚሰራልን መስሏችሁ ነው» አለ። ግማሾቹ ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፣ ቅዳሜ ስንቅ ከቤት ይመጣል፣ የቀረውን ራሳቸው ናቸው። ይሄን ያህል ዓመት አስተምሬ አንድም ቀን ማታ ምን ትበላላችሁ ብዬ አልጠየቅኩም ነበር።

ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ። አልሄዱም! በጨለማ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው መጨረሻውን ተናገሩ፣ አንዱ በጓን አረዳት፣ አንዷ ገበያ ሸጣ ገንዘቡን ለልጁ ሰጠችው፣ የመንዙ ልጅ ደሞ እንደጠበቃችሁት ወደ መንጋ ቀላቀላት። በሳምንቱ እውነተኛውን አየን፣ «የኛው ይሻል ነበር» አሉ፣ ምክንያት ስጡ ስላቸው ሰጡ። እኔ ስወጣ «አሪፍ ፊልም ነው አይደል?» ብዬ አመለጠኝ፣ መጥረጊያውን አቀበሉኝ።

ሙዚቃው ላይ ትንሽ ሰነፍን። የሙዚቃችንን ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብዬ ሰሌዳ ላይ ፃፍኩ፣ እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ነው አልኩ፣ አዛጉ። የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ ስከፍትላቸው «ቃል የለውም፣ ለጥናት ይሆናል» አሉ። ሙዚቃው በ2005 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ በውጪ ስሙ ይበልጥ እንደታወቀ ስነግራቸው ግን ያቺ የቃናዋ ልጅ፣ «በፈረንጅ ፊልም የኛ ሙዚቃ ከገባ በኛ ፊልም ሰው ሲያዝን ለምንድነው የፈረንጅ ፒያኖ የሚገባው?» አለች። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አባት ጋበዝን። ልጆቹ «አባባ፣ ይሄ የትኛው ቅኝት ነው?» ሲሏቸው «ልጄ፣ ስሙን እናንተ ተማሩት፣ እኔ ልጫወት» ብለው በዛች አንድ ክር ክፍሉን አስነሱት። የአንሶላውን ወሬ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ወደኔ ዞረው፣

«መምህር አንሶላውን ግድግዳ አለበሰ፣
ሌሊት በምን ይሆን ብርዱን የመለሰ»

አሉኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ግቢ ውስጥ ስሜ አንሶላ ነው።

ሰኔ ላይ በክበቡ ደብተር ስለ ዓመቱ አስተያየት ፃፉ አልኳቸው። የመንዙ ልጅ የፃፈው አንድ መስመር ነው፣ ህጉን አክብሮ ከነምክንያቱ፦ «ክበቡ አሪፍ ነው፣ ምክንያቱም ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ንፁህ ነበር»።