ለማክሰኞ ማታ ጓደኞቼ እና በቦታዬ ለተጫወተልኝ ልጅ

ውድ የቦውሊንግ ሊግ ጓደኞቼ፣

እንደምን ከረማችሁ? ከጉልበት ቀዶ ሕክምና ተነስቼ ወደ ጨዋታ የተመለስኩበት ማታ ደስታው እስካሁን አልለቀቀኝም። ፌብሯሪ 3 ነበር።

ቀኗን የሙዚቃ ወዳጆች ያውቋታል። በ1959 በዚያች ሌሊት የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኞቹ ቡዲ ሆሊ፣ ሪቺ ቫለንስ እና ጄ. ፒ. ሪቻርድሰን ከነአብራሪያቸው አዮዋ ውስጥ፣ ክሊር ሌክ አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ አለቁ። ሆሊ 22፣ ቫለንስ ገና 17 ዓመቱ ነበር። የአውቶቡሳቸው ማሞቂያ እየተበላሸ ብርዱ ቢያሰቃያቸው ነው ሆሊ ትንሽ አውሮፕላን የተከራየው። ቀጣዩ ዝግጅታቸው እዚሁ እኛ ሚኒሶታ፣ ሙርሄድ ነበር። የቦውሊንግ ቤቱ ኃላፊ ዘፈኖቻቸውን ሲያሰማን አመሸ፤ በየጨዋታው መሃልም ታሪኩን ነገረን። የሙርሄዱ ዝግጅት አልተሰረዘም። ቦቢ ቪ የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ከጎረቤት ከተማ ከፋርጎ ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ መድረኩን ሸፈነ።

ይህን ስሰማ ዓይኔ ወደ አንተ ሄደ።

አንተ ልጅ፣ ክረምቱን ሙሉ በእኔ ቦታ ተጫወትክልኝ። ከሥራ ወጥተህ፣ በዚያ ሁሉ በረዶ እየነዳህ፣ አንድም ማክሰኞ አልቀረህም። ቦታዬን ስረከብህ ደግሞ ወደ ቤትህ አልሄድክም። ኳሴን በፎጣ እየወለወልክ «አይዞዎት እትዬ፣ ቀስ ይበሉ» ስትለኝ አመሸህ። ያሳደጉህ እጆች ይባረኩ!

በሦስተኛው ጨዋታ፣ በመጨረሻው ዙር፣ አሥረኛው ፍሬም ላይ፣ በኳስ ከምንጥላቸው አሥር ፒኖች ዘጠኙ ወድቀው የቀኝ ጥጓ ፒን ብቻዋን ቀረች። ያቺን ፒን የማይፈራ ማን አለ? ከግራ በኩል ተነስቼ አሻግሬ ለቀቅኩ። ኳሱ ቦዩ ውስጥ ገባ ስንል ጫፏን ነካ አደረጋት። ስፔር! የቀረችውን በሁለተኛው ኳስ ጣልኳትና አንድ ተጨማሪ ኳስ አገኘሁ። ያቺ የመጨረሻዋ ኳስ 8 ጨመረችልን፤ በ3 ፒን አሸነፍን። ጉልበቴም አላሳፈረኝም።

ተጋጣሚዎቻችን ተሸንፈው ሳለ ቆመው አጨበጨቡልኝ። እነሱ አማርኛ ስለማያነቡ ልጄ ተርጉማ ታደርስልኛለች። አጥሚት በፔርሙዝ ይዛችሁ እቤቴ ድረስ የተመላለሳችሁ እህቶቼ፣ እግዜር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

አንተ ልጅ፣ ካፒቴናችን ለመጪው ሲዝን ቋሚ ተጫዋች አድርጎ መዝግቦሃል። የምዝገባውን ክፍያ እኔ እችላለሁ። እምቢ እንዳትለኝ።

አክባሪያችሁ