የድሬዳዋ ሰው ስለ ውሃ ምን ያውቃል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ግሪንላንድ በረዶ መቅለጥ ያወጣችሁትን ሐተታ አንባቢዎቻችሁ ስላዩት ይዘቱን አልደግምም። ስለ ሙቀት መጨመር የተጻፈው ደህና ነው፣ ፎቶግራፉም ያምራል። ብዕር ያስነሣኝ አንድ ቦታ ነው። ጸሐፊው የቀለጠው ውሃ በበረዶው ጀርባ ላይ ተንሸራቶ ባሕር ይገባል ካለ በኋላ፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ በድንገት ወደ እኛ ዞሮ ከአሸዋና ከሙቀት በቀር ለማያውቅ የድሬዳዋ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ መሆኑን ይነግረናል።

እናመሰግናለን። ዕድሜዬን በዚህች ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር ለኖርሁ ሰው ከዚህ የተሻለ የጡረታ ስጦታ አይገኝም።

ከስድቡ በፊት ስሕተቱን እንይ። በእርግጥ በግሪንላንድ በረዶ ላይ በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ወንዞች ይፈስሳሉ፣ ሐይቆችም ይጠራቀማሉ። ነገር ግን አብዛኛው ውሃ ዳር ድረስ ላይ ላዩን አይጓዝም። መንገድ ላይ ስንጥቅ ወይም ቁልቁል የተቦረቦረ ጉድጓድ ያገኝና ወደ ውስጥ ይገባል። ከፊሉ እዚያው በረዶ ውስጥ ተመልሶ ይረጋል፣ የቀረው ግን እስከ ታችኛው ዐለት ይወርዳል። ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል፣ ውሃ ከበረዶ ይከብዳል፤ በረዶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ውሃ የሞላው ስንጥቅ፣ ውሃው እስካልተቋረጠበት ድረስ፣ በራሱ ክብደት እየተሰነጠቀ ቁልቁል መውረዱን ይቀጥላል። አንድ ኪሎ ሜትር ውፍረት አያቆመውም።

ማስረጃ ካስፈለገ አለ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 1998 ዓ.ም. በምዕራብ ግሪንላንድ በበረዶው ላይ ተኝቶ የነበረ 5.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሐይቅ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ጠፋ። የፍሰቱ መጠን ከናያጋራ ፏፏቴ አማካይ ፍሰት ይበልጥ ነበር። የጋዜጣችሁ ጸሐፊ ያን ዕለት ባሕሩ ዳር ቆሞ ውሃው ተንሸራቶ እስኪመጣ ቢጠብቅ ኖሮ ሲጠብቅ በመሸበት። ውሃው የሄደው ወደ ታች ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን በረዶ ሰንጥቆ ከሥሩ ገባ፣ በላዩ የነበረውንም በረዶ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ላይ አነሣው። መሣሪያ ተክለው ይከታተሉ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል።

ልክ በሳምንቱ፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ዝናብ ካልመጣ ደረቅ አሸዋ የሆነው የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ተኝቶ በነበረበት ሌሊት ተወሰደ። ሁለቱን ክስተቶች የሚያገናኛቸው ነገር እንደሌለ ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ እዚያ የቀለጠ በረዶ፣ እዚህ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ነው። ነገር ግን ከዓይን ተሰውሮ የሚመጣ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ በኢትዮጵያ ምድር የሚገባው ሕዝብ ካለ፣ ከከተማው በላይ ባለው ደጋ በደንገጎ ላይ ደመና ሲጠቁር ገና ፀሐይ እያቃጠለችው ልጆቹን ከደረቁ የወንዝ አሸዋ የሚጠራው የድሬዳዋ ሰው ነው። ጸሐፊው ለአለማወቅ ምሳሌ ሲፈልግ ከሰማንያ ብሔረሰብ አገር እኛን መምረጡ ይደንቃል።

ውሃ ጠጣሩን ነገር ሰርስሮ መንገድ ማበጀቱም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዙሪያችን ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ ያሉትን ዋሻ አይቶ የተመለሰ ተማሪ፣ ድንጋይ ውስጥ ውሃ ምን እንደሚሠራ በቃል ማስረዳት አያስፈልገውም። ልዩነቱን ግን ሁልጊዜ እነግራቸው ነበር፦ የኖራ ድንጋዩን ውሃ የሚያሟሟው በብዙ ሺህ ዓመታት ነው፤ በረዶውን ደግሞ የሚፈስሰው ውሃ በሙቀቱ እያቀለጠ በጥቂት ሳምንታት ቦይ ይከፍትበታል፤ ክረምታቸው ሲገባ ውሃው ስለሚቀንስ የበረዶው ክብደት ቦዩን ጨፍልቆ መልሶ ይዘጋዋል።

ሐተታው ያለፈው ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው። በበጋው መጀመሪያ ከበረዶው ሥር የሚገባው ውሃ መውጫ ስለማያገኝ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ በረዶውን ከዐለቱ ያላቅቀዋል፣ በረዶውም ወደ ባሕር መንሸራተቱን ያፈጥናል። ቦዮቹ ከሰፉ በኋላ ግን ውሃው በቀላሉ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ በረዶውም እርምጃውን ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ውሃ ሁልጊዜ ፈጣን በረዶ ማለት አይደለም፤ ወሳኙ ውሃው በምን ዓይነት መንገድ እንደሚያልፍ ነው። ውሃው ላይ ላዩን ተንሸራቶ ባሕር ገባ ብሎ የጻፈ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠርጎ ጥሎታል። በረዶው ገብቶ ከፍ የሚያደርገው ባሕር ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ በመጣ ባቡር የተቆረቆረች ናት፤ ዛሬም የአገሪቱ ዕቃ በአብዛኛው የሚገባው በዚያው በጅቡቲ ወደብ ነው።

በረዶ የፈረንጅ ነገር ብቻ ነው የሚል መንፈስም በጽሑፉ አለ። የባሌው የሳነቴ አምባ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት የበረዶ ግግር ተሸክሞ ነበር፤ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች ዛሬም ይታያሉ። ይህን እዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ ለጋዜጣችሁ ሌላ እሑድ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ራሴ ቅሬታ። ከዚህ በፊት ስለ ደቻቱ ባወጣችሁት ዜና ላይ የላክሁት እርማት አልታተመም። ስልክ ስደውል አዘጋጁ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ፤ ስብሰባው እስካሁን ያለቀ አይመስለኝም። ያኔ የላካችሁት ፎቶግራፍ አንሺ በጥር መጥቶ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ የቆሙ ፍየሎችን አንሥቶ፣ ድርቅ የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ለጥፋችሁለት ወጣ። ፍየሎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ የሣር ነጋዴውን እየጠበቁ ነው።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ውሃው ላይ ላዩን ብቻ ይሄዳል የተባለው ይታረም፤ የድሬዳዋ ሰው የተጠቀሰበት መስመር ከድረ ገጹ ይነሣ። እርማቱንም የጨረታ ማስታወቂያዎች በሚወጡበት ገጽ ግርጌ፣ ማንም በማያነበው ፊደል እንዳታወጡት።

ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ