ጳጉሜን የሌለበት ቅጽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ሥራ ሲነሳ የሶፍትዌርና የንድፍ ተማሪዎች «ገበያው ጠባብ ነው» ማለት እናዘወትራለን። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ኮድ መጻፍ ብቻውን ሰውን ከሰው አይለይም። ለቀጣሪ የምናሳየው ሥራም ብዙው ተመሳሳይ ነው፤ የታወቀ የውጭ መተግበሪያ ቀለሙ ተቀይሮ እንደገና የተሳለበት። ለእንጀራም ለሙያም የሚበጀው ሥራ ያለው ግን ሰው በየቀኑ በስልኩ እየከፈተ በሚማረርበት የአማርኛ ቅጽ ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ቅጹ የሚበላሸው አማርኛው መጨረሻ ላይ ስለሚገባ ነው። ንድፉ በእንግሊዝኛ ያልቃል፤ ቃላቱ በሠንጠረዥ ተደርድረው ለተርጓሚ ይላካሉ፤ ተርጓሚው ስክሪኑን አያይም። ለምሳሌ «ይህን ፋይል መሰረዝ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከሥሩ ሁለት አዝራሮች አሉ፤ በአንዱ ላይ «ሰርዝ»፣ በሌላውም ላይ «ሰርዝ»። አንደኛው ፋይሉን ያጠፋል፣ ሁለተኛው ሐሳቡን ያስተዋል። በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት የነበሩት በሠንጠረዡ ላይ ተራርቀው ስለተቀመጡ ነው አንድ ትርጉም የደረሳቸው። «አዎ፣ ይጥፋ» እና «አይ፣ ይቆይ» ቢባል ማንም አይሳሳትም።

የግሥ ጾታም አለ። «ግባ» ሴቷን ያገልላል፣ «ግቢ» ወንዱን፤ «ይግቡ» ወይም «መግቢያ» ለሁሉም ይሆናል። ይህን ብዙዎች ደርሰውበታል። የሚያስቸግረው ስለ ሦስተኛ ሰው ሲነገር ነው። ስሙ በራሱ የሚሞላበት «እከሌ 500 ብር ላከ» የሚል ማሳወቂያ ላኪዋ ሴት ስትሆን ይሰበራል፤ ለዚህ ብሎ ጾታ መጠየቅ ደግሞ ነገር ማብዛት ነው። «ከእከሌ የተላከ 500 ብር» ብሎ ግሡን ማስቀረት ይቻላል። ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው። «1 መልእክቶች» የሚለው አስቀያሚ ስሕተት የሚመጣው የእንግሊዝኛውን ብዙ ቁጥር ለመከተል ሲባል ነው፤ አማርኛ ከቁጥር በኋላ ነጠላውን ስለሚቀበል «1 መልእክት»፣ «5 መልእክት» ብሎ ማለፍ ነው።

ወደ ስም እንምጣ። «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ሲቀርቡ አንዱ በሁለተኛው ላይ የአባቱን ስም ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። ያው ሰው በሌላ ቀን ሲመዘገብ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። «ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» ብሎ ሦስት ሣጥን መስጠት ነው። ሙሉ ስምን በአንድ ሣጥን ተቀብሎ በክፍተቱ ላይ የሚሰነጥቅ ፕሮግራም «ገብረ ማርያም» ወይም «ወልደ ጊዮርጊስ» ሲገጥመው «ማርያም» የአባት ስም ሆና ትገባለች። «ስም ቢያንስ 3 ፊደል መሆን አለበት» የሚል ደንብም አለ። ለላቲን ፊደል ተብሎ የወጣ ነው፤ በእኛ ፊደል ሳራም፣ ሊያም፣ ሳባም ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የቀን ጉዳይ ነው። የወር መምረጫው 12 ሣጥን ሲሆን በጳጉሜን የተወለደ ሰው መግቢያ የለውም፤ ወይ ነሐሴ 30 ወይ መስከረም 1 ብሎ ይዋሻል፤ ውሸቱም ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። 13ኛው ወር ከገባ በኋላም ስሕተቱ አያልቅም። ብዙ ጀማሪ የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ 8 ይቀንሳል። ይህ ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ብቻ ይሠራል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ነው። መስከረም 1 ደግሞ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ቀጣዩም ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይገባል። 2015 ለ4 ተካፍሎ 3 ስለሚተርፈው መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ 11 ተመልሷል።

ስሌቱ እኮ አጭር ነው። ከዓመተ ምሕረቱ 1 ቀንሶ በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን ጥሎ ሙሉውን ቁጥር መደመር፤ ከወሩ 1 ቀንሶ በ30 አባዝቶ መደመር፤ ከቀኑ 1 ቀንሶ መደመር፤ በመጨረሻም 1,724,221 መጨመር። የሚወጣው የጁሊያን ቀን ቁጥር ይባላል፤ ቀኖችን ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ በተከታታይ የሚቆጥር ነው፤ ከዚያ ወደ ፈረንጁ ቀን የሚመልስ ፕሮግራም በየቋንቋው ይገኛል። ለመፈተሽ መስከረም 1 ቀን 2016ን አስገቡ፤ 2,460,200 ካልመጣ አንድ ቦታ ላይ ተሳስታችኋል። የድር አሳሾች በጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ቀን አዘጋጅተው ማሳየት ይችላሉ፤ ሰው በእኛ አቆጣጠር የጻፈውን ቀን መልሶ ማንበብ ግን የፕሮግራመሩ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው።

ሰዓትም የዚሁ ዘመድ ነው። መረጃው ውስጥ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀመጥ፤ ለዕይታ ሲወጣ ብቻ 6 ተደምሮ ለ12 ይካፈልና ቀሪው ይወሰድ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ይባል። ከጎኑ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ምሽት» ወይም «ሌሊት» ሳይጨመር ቁጥሩ ብቻውን መውጣት የለበትም። ቲኬት ላይ «2:00» ብቻ የተጻፈለት መንገደኛ ጠዋት ይምጣ ምሽት አያውቅም። «ዓርብ ሌሊት 8 ሰዓት» ደግሞ ይብሳል። ፈረንጁ ቀን የሚለውጠው በእኛ 6 ሰዓት ሌሊት ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ዓርብ የሚለው ሌሊት እኛ የሐሙስ የምንለው ነው። ቋንቋው መፍትሔውን ቀድሞ አዘጋጅቷል፤ እኛ የዓርብ የምንለውን ሌሊት «ለቅዳሜ አጥቢያ» ብሎ መጻፍ። ይህን አባባል በቲኬት ላይ የሚያትም መተግበሪያ ቢገኝ እኔ በበኩሌ ለንድፉ ሽልማት እሰጠው ነበር።

የፍለጋ ሣጥን ሌላው የተማሪ መፈተኛ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በፀና በጸ፣ በሐ፣ በሀና በኀ እያቀያየርን ብንጽፈው 6 መልክ ይኖረዋል፤ ለኮምፒውተሩ 6 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በስም ዝርዝርም «ኃይሌ»፣ «ሃይሌ» እና «ሐይሌ» ተራርቀው ይቀመጣሉ። የተለመደው መላ ለእያንዳንዱ ስም ሁለተኛ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ዓምድ መፍጠር ነው፤ በእሱ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይለወጣሉ፤ ሃ እና ኣም ወደ ግዕዛቸው ይመለሳሉ። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚያው ወንፊት ያልፋል። አደራ የምለው ዋናውን ጽሑፍ አትንኩ ነው። ሰው ስሙን የጻፈበት ፊደል የእሱ ነው፤ በተጨማሪም ድኅነትና ድህነት፣ ሠረቀና ሰረቀ በአንድ ወንፊት ካለፉ በኋላ ተመልሰው አይለዩም።

የጽሑፍ መልእክት ወጪ ላይም ንድፍ ይገባል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ቦታ አለው፤ አንድም የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን ሙሉው ወደ 70 ይወርዳል። በእንግሊዝኛው መጨረሻ «።» ብቻ መጨመር ይበቃል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ በ67 በ67 ይቆራረጣል፤ ስለዚህ 150 ፊደል ያለው የአማርኛ ማሳወቂያ የ3 መልእክት ሒሳብ ያስከፍላል። «ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት።» የሚለው ከነክፍተቱና ከነአራት ነጥቡ 27 ቦታ ብቻ ይይዛል። እንዲህ አሳጥሮ የሚጽፍ ሰው ለድርጅቱ ገንዘብ ያተርፋል።

ስለ ፊደል ቅርጽ ባጭሩ። ንድፉ ላይ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ስልኩ የራሱን ይተካል፤ የታየውና የተሠራው የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ ይገኛሉ። ለግዕዝ ፊደል ያዘመመ ጽሑፍ ባህሉ አይደለም፤ አሳሹ በግድ ሲያጋድመው ያስጠላል፤ ስለዚህ ያ ትእዛዝ ለአማርኛ ይጥፋ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ርእስ የሚለየው በመጠንና በውፍረት ብቻ ነው። ከ16 ፒክሰል በታች ሉ እና ሊን፣ ጴ እና ጼን መለየት ይከብዳል፤ የመሥመር ከፍታውም የፊደሉ 1.6 እጥፍ ያህል ይሁን። አሳሹ ቀጭኑን ፊደል በግድ ሲያወፍረው የሚመጣው ሐሰተኛ ድምቀት የጨ እና የጭን ቀዳዳ ይደፍናል፤ እውነተኛ ወፍራም ፎንት መጫን ይሻላል።

ለጓደኞቼ የምመክረው ሃያ ስክሪን መሳሉን ትተው አንድ የቀጠሮ ቅጽ እስከ ጥግ እንዲሠሩ ነው። በርካሽ ስልክ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይነበብ፤ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ አምስት ሰዎች ይሙሉት፤ ጣታቸው የቆመበት ቦታ ይመዝገብ። ከዚያ የመጀመሪያውና የታረመው ጎን ለጎን ይቅረብ። የትምህርት ክፍሎችም በአንድ ሴሚስተር ፕሮጀክት ይህን ማስገባት አያቅታቸውም።

ቀጣሪዎች ደግሞ በቃለ መጠይቁ ላይ የተለመደውን የስሌት እንቆቅልሽ ትተው አንድ ተገልጋይ ቢያስመዘግቡ ደስ ባለኝ፦ ስሟ ሁለት ፊደል፣ የአባቷ ስም ሁለት ቃል፣ የአያቷ በኃ የሚጀምር፣ የልደቷ ቀን ጳጉሜን 6 ቀን 2003፣ ቀጠሮዋ ለእሑድ አጥቢያ 10 ሰዓት።

የሶፍትዌር ምሕንድስና ተማሪ
አዲስ አበባ