ቁልፍ የሌለው አውሮፕላን

ለአዘጋጁ፦

ያልሠለጠነ ሰው የመንገደኞች አውሮፕላን ሰርቆ ማብረር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ እንደ ቀልድ ሊታለፍ አይገባም። ነሐሴ 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲያትል ታኮማ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአብራሪነት ፈቃድ የሌለው የምድር አገልግሎት ሠራተኛ ባዶውን የቆመ ኪው 400 አውሮፕላን በመጎተቻ ተሽከርካሪ ብቻውን አዞረ፤ ከተሽከርካሪው ወርዶ ወደ አብራሪው ክፍል ገባ፤ ሞተሮቹን አስነሥቶ በረረ። ሁለት ተዋጊ ጄቶች ተላኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ ከቆየ በኋላ ኬትሮን ደሴት ላይ ተከስክሶ ሕይወቱ አለፈ። ይኸው የአውሮፕላን ዓይነት በአገራችን የአገር ውስጥ በረራዎችም ላይ ይሠራል።

የእውቀት ማነስ አጥር ይሆናል ብለን መተማመን አንችልም። እንዲህ ያለ አውሮፕላን እንደ መኪና የማስነሻ ቁልፍ የለውም፤ የማስነሻውን ቅደም ተከተል ደግሞ ማጥናት ይቻላል። ከሁሉ የሚከብደው በሰላም ማሳረፉ ነው፤ ለመሞት የቆረጠ ሰው ግን ለማረፍ አይጨነቅም።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሰውየው አጥር አለመዝለሉ ነው። በሕጋዊ መታወቂያው፣ በሥራ ልብሱ፣ በየቀኑ በሚገባበት በር ነው የገባው። ፍተሻችን ግን በአብዛኛው ወደ መንገደኛው ያነጣጠረ ነው።

ስለዚህ ማንም ሠራተኛ ወደ ቆመ አውሮፕላን ብቻውን እንዳይገባ፣ አውሮፕላን የማንቀሳቀስ ሥራም ሁለት ሰዎች ሳይፈርሙበት እንዳይጀመር የሚያስገድድ መመሪያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያውጣ።